በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ፡- አመራረጡ፣ አገጣጠሙና ሕጉ

አማካሪ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ተጠያቂው ግን አንድ ነው፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፡፡ ጠበቃ ይመክራል፣ የሒሳብ ባለሙያ ይመክራል፣ ወዳጅ ዘመድም ይመክራል፤ ውሉ ላይ የፈረመው ሰው ግን ፍርድ ቤት የሚቆመው ብቻውን ነው፡፡ በአቪዬሽን ዓለም ይኸው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 91 አንቀጽ 3 እንደሚለው፣ አውሮፕላኑን የሚያዘው አብራሪ ለአውሮፕላኑ አሠራር በቀጥታ ኃላፊ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔም የእሱ ነው፡፡ ዛሬ የማነሳው ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ በዚህ ዓይን ሲታይ አማካሪ ነው፡፡ ጥሩና ፈጣን አማካሪ ነው፤ ነገር ግን ምንም ነገር ላይ የማይፈርም አማካሪ ነው፡፡

የሕግ ሰውን ከአውሮፕላን መሣሪያ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ነው፡፡ የሚኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በጋራ የገዛት አሮጌ ሴስና 172 አለችው፡፡ መተዳደሪያው ሌላ ነው፤ የሚበረው በትርፍ ጊዜው ነው፡፡ አንድ ቀን ደውሎ፣ "ጋሼ፣ የጂፒኤሱን መያዣ ዳሽቦርዱ ላይ በብሎን ባስረው ሕግ ያስጠይቀኛል?" አለኝ፡፡ በግምት ልመልስለት አልወደድኩምና ደንቦቹን አገላብጬ አነበብኩ፡፡ በኋላም ልጠይቀው በሄድኩበት ጊዜ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ ነገሩን በዓይኔ አየሁት፡፡ ያን ጊዜ የተገነዘብኩት ጥያቄው የብሎን ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው፡፡ መሣሪያው የሚመረጥበትም ሆነ የሚሰቀልበት መመዘኛ አንድ ነው፡፡ እሱም፣ "አሁን በዚህች ደቂቃ ቢጠፋ፣ ቢወድቅ ወይም ቢዋሽ ምን ይፈጠራል?" የሚል ነው፡፡ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ማብራሪያ ነው፡፡ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውስ፡፡

ጂፒኤስ ምን ያህል ይታመናል?

ጂፒኤስ መጀመርያ የተሠራው ለአሜሪካ ጦር ኃይል ነው፡፡ የመጀመርያዋ ሳተላይት የመጠቀችው በ1978 ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ መጀመሩ የታወጀው በ1995 ነው፡፡ በመካከሉ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983፣ አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ በሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ውስጥ በመግባቱ ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎችም አለቁ፡፡ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎትም ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት ከዚህ አደጋ በኋላ ነበር፡፡ ያም ሆኖ ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር፣ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፡፡ ማዛባቱ በሜይ 2000 በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትዕዛዝ ቀረ፡፡ በ2003 ደግሞ ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ ምልክቱን የሚያርም ተጨማሪ ሥርዓት ሥራ ጀምሮ፣ ስህተቱ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ፡፡

አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ሰዓታቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ ይናገራሉ፡፡ ተቀባዩ መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል፡፡ ቦታንና ከፍታን ለማወቅ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ፡፡ አንዷ ሳተላይት ተሳስታ እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ቢያንስ አምስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፡፡ በአውሮፕላን ላይ በቋሚነት ተገጥመው ለመሣሪያ በረራ የተፈቀዱት ጂፒኤሶች ይህን ማመሳከር የግድ ይሠራሉ፡፡ ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ግን አይሠሩም፡፡ በሕግ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ተንቀሳቃሹ ጂፒኤስ መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበለት ምስክር ነው፡፡ ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥበትም፡፡

ታዲያ ለምን ያስፈልጋል?

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፡፡ ከበላያቸው ያለው ሰማይ በአሜሪካ እጅግ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው አንዱ መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፡፡ ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ የተጀመረው ቁጥጥር በ2009 ቋሚ ደንብ ሆኗል፡፡ በደንቡ መሠረት ከከተማዋ የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የመርከብና የአውሮፕላን መለኪያ በሆነው የባሕር ማይል 30፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዙሪያውን ልዩ ክልል ነው፡፡ እዚያ ለመግባት አስቀድሞ የበረራ ዕቅድ ማስመዝገብ፣ ለዚያ በረራ ብቻ የተሰጠ መለያ ቁጥር ማሰራጨትና ከመቆጣጠሪያው ጋር በሬዲዮ መገናኘት የግድ ነው፡፡ በመሀሉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥብቅ የሆነ ውስጠኛ ክልል አለ፡፡ በ60 የባሕር ማይል ዙሪያ በዓይን እይታ የሚበር አብራሪ ልዩ ሥልጠና መውሰድ አለበት፡፡ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከፍሬድሪክ ከተማ ባሻገር፣ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ የሆነው ካምፕ ዴቪድ አለ፡፡ የእሱም ሰማይ የተከለከለ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ እዚያ በሚገኙበት ጊዜ ክልከላው ይሰፋል፡፡

ይህ ሁሉ ድንበር መሬት ላይ አይታይም፡፡ አጥር የለውም፣ ቀለም አልተቀባም፡፡ ሜይ 11 ቀን 2005 ሁለት ሰዎች የጫነች አንዲት ሴስና 150 ከፔንስልቬንያ ተነስታ ወደ ሰሜን ካሮላይና ስትጓዝ መንገድ ስታ ወደ ዋሽንግተን ሰማይ ገባች፡፡ ዋይት ሐውስና የምክር ቤቱ ሕንፃ ባስቸኳይ እንዲለቀቁ ተደረገ፤ የጦር አውሮፕላኖችም ተነሱ፡፡ አውሮፕላኗ ከዋይት ሐውስ ሦስት ማይል ያህል ርቀት ላይ ከደረሰች በኋላ ታጅባ ፍሬድሪክ አረፈች፡፡ በረራውን በኃላፊነት ይመራ የነበረው አብራሪም ፈቃዱን ተነጠቀ፡፡ በእንዲህ ዓይነቱ ሰማይ ውስጥ ድንበሩን በቀለም፣ ራስዎን በትንሽ አውሮፕላን ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም፡፡ ጥያቄው ምን ዓይነቱ ይገዛ፣ የትስ ይቀመጥ የሚለው ነው፡፡

ምርጫ፡- ሦስት ዓይነት፣ ስድስት ጥያቄ

ገበያው ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ፡፡ የመጀመርያው ለአቪዬሽን ብቻ የተሠራው ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ነው፡፡ ለምሳሌ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸው ኤራ 660 እና ኤራ 760 ባለ አምስትና ባለ ሰባት ኢንች ስክሪን ናቸው፡፡ ሁለተኛው እንደ አይፓድ ያለ ታብሌት ላይ የአቪዬሽን ፕሮግራም ጭኖ መጠቀም ነው፡፡ አይፓድ በ2010 ከወጣ ወዲህ የወረቀት ካርታን ከብዙ ኮክፒቶች ያስወጣው ይህ ዘዴ ነው፡፡ ሦስተኛው የእጅ ስልክ ነው፡፡ የመኪና ጂፒኤስ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፡፡ መንገድ ያውቃል እንጂ የአየር ክልል አያውቅም፡፡

ከሦስቱ መካከል ለመምረጥ የሚከተሉትን ስድስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል፡፡

አንደኛ፣ በፀሐይ ይነበባል ወይ? ኮክፒት ማለት በመስታወት የተከበበ ክፍል ነው፡፡ ሱቅ ውስጥ የሚያበራ ስክሪን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስታርፍበት መስታወት ብቻ ይሆናል፡፡ ለአቪዬሽን የተሠሩት በዚህ በኩል ይሻላሉ፡፡ ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፤ ብርሃኑ እጅግ ዝቅ ማለት ካልቻለ የአብራሪውን ዓይን ያሳውራል፣ በፊት መስታወቱ ላይም ያንጸባርቃል፡፡

ሁለተኛ፣ ሙቀት ይችላል ወይ? አይፓድ እንዲሠራበት የተወሰነለት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፡፡ በሐምሌ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች አውሮፕላን ውስጥ ሙቀቱ ይህን በቀላሉ ያልፋል፡፡ ታብሌቱ ሲግል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ራሱን ያጠፋል፡፡ የሚያጠፋውም አብራሪው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ሊሆን ይችላል፡፡

ሦስተኛ፣ በራሱ ጂፒኤስ አለው ወይ? በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው አይፓድ በውስጡ ጂፒኤስ የለውም፤ የሲም ካርድ መስመር ያለው ዓይነት ግን አለው፡፡ ጂፒኤሱ እንዲሠራ የኢንተርኔት ክፍያ አያስፈልግም፡፡ ይህን ሳያውቁ ርካሹን የገዙ ሰዎች በኋላ ሌላ ተቀባይ ለመጨመር ይገደዳሉ፡፡

አራተኛ፣ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ጣት ያገኘዋል ወይ? ነፋስ አውሮፕላኗን በሚያንገላታበት ጊዜ ትንሽ ምልክት በጣት መንካት መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው፡፡ ስለዚህ ዋና ዋና ትዕዛዞች፣ በተለይ የቅርቡን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያሳየው፣ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ መገኘት አለባቸው፡፡

አምስተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ይስማማል ወይ? ከትናንሽ አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ ባለ 14 ቮልት፣ ሌሎቹ ባለ 28 ቮልት ናቸው፡፡ ለመኪና የተሠራ ርካሽ ቻርጀር 28 ቮልት ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል፡፡ ቻርጀሩ ሁለቱንም የሚችል መሆኑ በላዩ ላይ ከተጻፈው መረጋገጥ አለበት፡፡ የመሣሪያው ባትሪ ደግሞ ብቻውን ከታሰበው በረራ በላይ የሚቆይ መሆን ይገባዋል፡፡ የአውሮፕላኗ ጄኔሬተር በሚቋረጥበት ጊዜ የጂፒኤሱ ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና፡፡

ስድስተኛ፣ መረጃው እየታደሰ ነው ወይ? የአቪዬሽን መረጃ በዓለም ደረጃ የሚታደሰው በየ28 ቀኑ ነው፡፡ መሣሪያውን አንድ ጊዜ መግዛት ሳይሆን፣ ለእድሳቱ በየዓመቱ መክፈል አለ፡፡ ይህን ክፍያ በበጀቱ ያላስገባ ሰው፣ የተሻረ አዋጅ ይዞ ችሎት የሚቆም ጠበቃን ይመስላል፡፡

የእኔን አስተያየት የሚጠይቅ ካለ፣ ትልቁ ስክሪን ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፡፡ በሴስና 172 ጠባብ ኮክፒት ውስጥ መጀመርያ ቦታው ይለካ፣ ከዚያ መሣሪያው ይገዛ፡፡ ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፡፡

አገጣጠም፡- አምስት ቦታዎችና ዋጋቸው

የመጀመርያው ቦታ መሪው ነው፡፡ መሪው ላይ በማያዣ የሚጠብቀው መያዣ መሣሪያውን ከዓይንና ከእጅ አጠገብ ያመጣዋል፡፡ ይሁን እንጂ መሪ ማለት አውሮፕላኗ የምትታዘዝበት ዕቃ ነው፡፡ የከበደ ነገር ሲሰቀልበት አያያዙ ይለወጣል፡፡ መሪው ወደ ደረት ሲሳብ ወይም ወደ ጎን ሲዞር መሣሪያው ጉልበት ሊነካ ይችላል፡፡ ገመዱም አብሮ ሊጠመጠም ይችላል፡፡ ከኋላው ያሉትን ማብሪያዎችና መለኪያዎችም ይጋርዳል፡፡

ሁለተኛው የፊት ወይም የጎን መስታወት ሲሆን፣ ተመጥጦ በሚጣበቅ ጎማ የሚያዝ ነው፡፡ ለመግጠምም ለመንቀልም ቀላል ስለሆነ በኪራይ አውሮፕላን ለሚበር ሰው ይመቻል፡፡ ነገር ግን ይህ ጎማ የሚይዘው በራሱ ኃይል አይደለም፤ ከውጭ የሚጫነው አየር ነው አጣብቆ የሚይዘው፡፡ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ያ ጫና ይቀንሳል፡፡ በ10,000 ጫማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፡፡ ሙቀትና አቧራ ሲጨመርበት ጎማው ይለቃል፡፡ ስለዚህ መስታወቱም ጎማውም ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ መሣሪያው ቢለቅ እንኳ መሬት ሳይደርስ የሚያስቀረው አጭር ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፡፡ ከሁሉም በላይ መሣሪያው ወደ ውጭ የሚታይበትን ቦታ መሸፈን የለበትም፡፡ በዓይን እይታ በሚደረግ በረራ ውስጥ ሌላውን አውሮፕላን የሚያገኘው ዓይን ነው፡፡ በስክሪን የተሸፈነ የአንድ መዳፍ ያህል መስታወት፣ ከሩቅ የሚመጣ ሙሉ አውሮፕላን ይደብቃል፡፡

ሦስተኛው ከመሣሪያ ሰሌዳው በላይ ያለው መደብ ነው፡፡ ለአንቴና ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል፡፡ ለኮምፓሱ ግን ጎረቤቱ ነው፡፡ መሣሪያው፣ ገመዱና በተለይ ማግኔት ያለበት መያዣ የኮምፓሱን መርፌ ያስቱታል፡፡ ከዚህም ሌላ አደጋ ቢደርስ ከፊት ለፊት ያለው ጠንካራ ዕቃ ከራስ ቅል ጋር እንደሚገናኝ መርሳት አይገባም፡፡

አራተኛው ጭን ነው፡፡ ታብሌቱን በማሰሪያ ጭን ላይ ማሰር የአውሮፕላኗን አንዲት ብሎን አይነካም፡፡ ጉዳቱ አንገትን ወደ ታች ማስደፋቱ ነው፡፡ በተለይ ደመና ወይም ጨለማ ውስጥ ራስን ዝቅ አድርጎ እያዞሩ መመለስ በውስጠኛው ጆሮ ያለውን ሚዛን ያናጋል፡፡ አብራሪው አውሮፕላኗ ሳትዞር የዞረች ይመስለዋል፡፡

አምስተኛው በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ በቋሚነት ማሰር ነው፡፡ ከሁሉም የጸዳው ይህ ነው፡፡ ሕጉ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ፡፡

የትም ይሁን የት፣ ስለ አንቴና አንድ ነገር መታወቅ አለበት፡፡ ሴስና 172 ክንፏ ከላይ ነው፤ ጣሪያዋም ብረት ነው፡፡ ጭን ላይ ወይም ሰሌዳው ሥር የተቀመጠ መሣሪያ የሚያየው ሰማይ ጥቂት ነው፡፡ ምልክቱ ቢደካክም በገመድ የሚቀጠል ተጨማሪ አንቴና መስታወቱ ሥር ማስቀመጥ ይፈታዋል፡፡

ሞተር ከመነሳቱ በፊት

መሣሪያው ከተሰቀለ በኋላ መሬት ላይ ሆኖ የሚከተለውን መፈተሽ አሥር ደቂቃ አይወስድም፡፡

1. ወንበሩን እንደ በረራ ጊዜ አስተካክሎ መቀመጥ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው መሳብ፣ መግፋት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር፡፡ ፔዳሎቹንም እስከ ጥጋቸው መርገጥ፡፡ መሣሪያውና ገመዱ የትኛውንም እንቅስቃሴ መንካት የለባቸውም፡፡

2. የነዳጅ መምረጫው፣ የሞተር ማፍጠኛው፣ ማብሪያዎቹና ፊውዞቹ ሳይጋረዱ በእጅ መደረሳቸውን ማየት፡፡

3. በሩን ከፍቶ መውጣት፡፡ ገመድ እግርን ወይም ቀበቶን የሚይዝ ከሆነ ቦታው አይሆንም፡፡

4. መያዣውን በእጅ በደንብ መነቅነቅ፡፡ ቢወድቅ የሚያርፈው ፔዳል ሥር ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ፡፡ ፔዳል የቀረቀረ ዕቃ ማረፊያ ላይ አውሮፕላን ከመንገድ ያስወጣል፡፡

5. ኮምፓሱን እያዩ መሣሪያውን ማብራት፣ ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መሰካትና መንቀል፡፡ መርፌው ከተንቀሳቀሰ መሣሪያው ይራቅ፡፡

6. ሬዲዮውን መሞከር፡፡ ርካሽ ቻርጀሮች በሬዲዮው ላይ ጩኸት ይፈጥራሉ፡፡ ግልባጩም አለ፡፡ በ121.15፣ በ121.175፣ በ131.25 ሜጋ ኸርዝና በአቅራቢያቸው ባሉ መስመሮች ሲነገር ጂፒኤሱ ሊታወር ይችላል፡፡ ምክንያቱ የሒሳብ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች በ13 ወይም በ12 ሲባዙ ጂፒኤስ የሚሠራበት 1,575.42 ሜጋ ኸርዝ ጥግ ይደርሳሉ፡፡

7. በመጨረሻ፣ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ "አሁን በምን እበራለሁ?" ብሎ መጠየቅ፡፡ መልሱ ካርታ፣ ኮምፓስና ሰዓት ካልሆነ ዝግጅቱ አላለቀም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ በአጭሩ የሚከተለው ነበር፡፡

ተሰክቶ የሚነቀል፣ ያለ መፍቻ የሚነሳ መያዣ የአውሮፕላኗ አካል አይሆንም፤ እንደ ተጓዥ ዕቃ ይቆጠራል፡፡ ሰሌዳውን በስቶ በብሎን ማሰር ወይም ገመዱን ከአውሮፕላኗ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር መቀጠል ግን በአውሮፕላኗ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው፡፡ ለውጥ ደግሞ በደንቡ ክፍል 43 መሠረት ፈቃድ ባለው መካኒክ የሚሠራና በአውሮፕላኗ መዝገብ የሚሰፍር ነው፡፡ ለውጡ ከፍተኛ ከተባለ ተጨማሪ ቅጽና ይሁንታ ይጠይቃል፡፡ "ስለዚህ ብሎኑን ለመካኒኩ ተወው" አልኩት፡፡ አውሮፕላኗ የአራት ሰዎች ስለሆነችም የሦስቱን ባለቤቶች ስምምነት በጽሑፍ እንዲይዝ መከርኩት፡፡ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ለውጥ፣ አደጋ ደርሶ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን፣ ለክርክር በር ይከፍታል፡፡

የክፍል 91 አንቀጽ 21 ተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን ይመለከታል፡፡ ክልከላው በአየር መንገዶችና በመሣሪያ በሚደረግ በረራ ላይ ነው፡፡ የግል አብራሪ በመሣሪያ ሲበር፣ ዕቃው የአውሮፕላኗን መገናኛና መምሪያ እንደማይረብሽ መወሰን ያለበት ራሱ ነው፡፡ ስልክን በሚመለከት ደግሞ የአሜሪካ የመገናኛ ደንብ በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ የሴሉላር ስልክ መስመርን መጠቀም ይከለክላል፡፡ ስልኩ ወይም ታብሌቱ የበረራ ሁኔታ ላይ ተደርጎ ጂፒኤሱ ብቻ ይቀራል፡፡

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን አንቀጽ 205 ነው፡፡ በቀን በዓይን እይታ ለመብረር የግድ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ይዘረዝራል፡፡ የፍጥነት መለኪያ አለበት፣ የከፍታ መለኪያ አለበት፣ ማግኔታዊ አቅጣጫ ጠቋሚም አለበት፡፡ ጂፒኤስ የለበትም፡፡ የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች የሚያወጣው መመርያም በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ለመሣሪያ በረራ ያልተፈቀደ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል፡፡ እንግዲህ ልብ በሉ፡፡ ሕጉ የግድ ያለው ኮምፓስ፣ ሕጉ የግድ ባላለው መሣሪያ መያዣ ማግኔት ሲሳሳት፣ ምርጫው ቀልድ ሆነ ማለት ነው፡፡

አማካሪው ሲሳሳት

የጂፒኤስ ምልክት ከሃያ ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፡፡ ስለዚህ ማፈን ቀላል ነው፤ ሐሰተኛ ምልክት አሰራጭቶ ማሳሳትም ይቻላል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ በ2022፣ የአሜሪካው አስተዳደር ደግሞ በጃንዋሪ 2024 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል፡፡ በተለይ ከ2023 ወዲህ በመካከለኛው ምሥራቅና በጥቁር ባሕር አካባቢ የሚበሩ አብራሪዎች መሣሪያቸው ያልነበሩበትን ቦታ ሲያሳያቸው ተቸግረዋል፡፡ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ሌሎች መምሪያዎች አሏቸው፡፡ ትንሿ ሴስና ያላት የአብራሪዋ ዓይንና ኮምፓስ ነው፡፡

የአየር ጠባይ ምስልም ሌላ ወጥመድ ነው፡፡ ዛሬ ከተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ጋር በትንሽ ተቀባይ የራዳር ምስል በነፃ ማግኘት ይቻላል፡፡ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 እንዳሳሰበው ግን ምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ምስሉ የተቀናበረበት እንጂ ዝናቡ የታየበት አይደለም፡፡ ትክክለኛው ዕድሜ ከተጻፈው በ15 እና በ20 ደቂቃ ሊበልጥ ይችላል፡፡ በሁለት ነጎድጓዶች መካከል ያለችው ቀዳዳ በስክሪኑ ላይ ክፍት ሆና ሳለ በሰማዩ ላይ ከተዘጋች ቆይታ ይሆናል፡፡

ሦስተኛው ወጥመድ ቀጥተኛው መስመር ነው፡፡ አብራሪው የሚሄድበትን ቦታ ሲነካ መሣሪያው ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፡፡ መስመሩ ግን ተራራም፣ ክልክል ሰማይም አይፈራም፡፡ ከሜሪላንድ ወደ ፔንስልቬንያ የተሰመረ ቀጥተኛ መስመር ካምፕ ዴቪድ ላይ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ማጠፍ ያለበት አብራሪው ነው፡፡

ወደ አገራችን ስንመጣ

በኢትዮጵያ የግል ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው ጥቂት ነው፡፡ ነገር ግን ልጆቻችን እዚህም ውጭም በእነዚሁ አውሮፕላኖች ላይ ይሠለጥናሉ፤ ከዚህ በላይ የተጻፈውም ይመለከታቸዋል፡፡ እንዲያውም መሬታችን ጉዳዩን ያከብደዋል፡፡ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፡፡ ስለዚህ አውሮፕላኗ ገና ሳትነሳ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ መስታወት ላይ የሚጣበቀው ጎማም ጉልበቱን ቀድሞ አጥቷል፡፡ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ሴስና 172 መውጣት የምትችለው 14,000 ጫማ፣ ማለትም 4,270 ሜትር ገደማ ነው፡፡ ጂፒኤሱ ስሜን ተራሮች ላይ ያሰመረውን ቀጥተኛ መስመር አውሮፕላኗ ልትከተለው አትችልም፡፡ የሰሜን አሜሪካው ማረሚያ ሥርዓትም እዚህ አይደርስም፡፡ ከላይ የጠቀስኳቸው አንቀጾች የአሜሪካ ደንቦች መሆናቸውንም ልብ ይሏል፡፡ እዚህ የሚበር ሰው መጠየቅ ያለበት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ነው፡፡

ቴክኖሎጂን የሚጠራጠር ሰው ሆኜ አይደለም ይህን የምጽፈው፡፡ ድንበሩ በማይታይ ሰማይ ውስጥ ድንበሩን የሚያሳይ መሣሪያ መያዝ ከጥንቃቄ ይቆጠራል፡፡ ነገር ግን መሣሪያው በዋጋው ወይም በስክሪኑ ስፋት ሳይሆን፣ በጠፋ ጊዜ ጉዳት ባለማድረሱ ይመዘን፡፡ መሪ የማይነካ፣ ኮምፓስ የማያስት፣ መስታወት የማይጋርድ፣ ቢወድቅ ፔዳል ሥር የማይገባ፣ ቢዋሽ ከካርታና ከዓይን ጋር የሚመሳከር ከሆነ ይሰቀል፡፡ ምክሩም ይሰማ፡፡ ፊርማው ግን የአብራሪው እንደሆነ ይቀጥላል፡፡